በጥዱ መሃል ያለው ክፍተት

መስከረም 9

ይድረስ ለእትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጠና፣ ቤትዎም ሰላም ሆኖ ያግኝዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ከአጎቴ ቀብር ወዲህ ድምፄ በመጥፋቱ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። ወቀሳዎን ሲጽፉልኝ እቀበላለሁ። አሁን ግን አንድ ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት።

እንደሰሙት የምሠራው አፈር የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከየአገሩ ደን አፈር በከረጢት ይመጣልናል። እናደርቀዋለን፣ እንነፋዋለን፣ ከዚያ ምን ያህል ካርቦን እንደያዘ በማሽን እንለካለን። ዛፍ ከአየር የሚስበው ካርቦን ግንዱ ውስጥ ብቻ አይቀርም፤ በሥሩና በሚረግፈው ቅጠል በኩል ወደ አፈሩም ይገባል። ደኑ በደንብ ከተያዘ እዚያው ይቆያል፤ ካልተያዘ ተመልሶ ወደ አየር ይሄዳል። ደናቸውን በአግባቡ ለሚይዙ ባለቤቶች ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ፤ የእኔ መሥሪያ ቤት ለእሱ ነው የሚለካው።

ታዲያ አባቴና አጎቴ አብረው የተከሉት ጥድ ትዝ አለኝ። የአጎቴ ድርሻ የእርስዎ ነው፤ የአባቴ ድርሻ ደግሞ ወደ እኔ ዞሯል። ለምን አናስገባውም ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ ግን ጥቂት አፈር ያስፈልገኛል። ከዛፎቹ ሥር የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርገው፣ ከበታቹ ያለውን ቆፍረው በላስቲክ ቋጥረው ይላኩልኝ። አንድ ጥያቄም አለኝ፤ አጎቴ ካረፈ ወዲህ የተቆረጠ ዛፍ አለ ወይ?

አክባሪዎ፣
የባለቤትዎ የወንድም ልጅ


ጥቅምት 14

ይድረስ ለቀጮ፣

በሄድክበት መንገድ ሁሉ እንቅፋት አይምታህ፤ የምትበላው ይስማማህ፤ ክፉ ሰው አያግኝህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል።

ሰው ከውጭ አገር ሲጽፍ «ምን ልላክልሽ» ይላል። አንተ ስንት ዘመን ጠፍተህ ስትመጣ «አፈር ላኪልኝ» አልክ! ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ በመነጽር፣ አንዴ በጥርጣሬ። ካርቦን ማለት ምንድን ነው ብዬ የሰፈራችንን ፋርማሲስት ብጠይቀው «የከሰል ነገር ነው» አለኝ። ደኔን ከሰል ልታደርገው ነው እንዴ? ወይስ ከሥሩ ወርቅ አለ ብለው ነግረውሃል? ካለ ካለ በለኝ፤ እኔም በስተርጅና ወርቅ ልረግጥ።

«ወደ እኔ ዞሯል» ያልካት ነገር ደግሞ ዓይኔ ላይ ቀረች። ባሌ ታሞ ሲተኛ ያልጻፍክ ልጅ፣ ድርሻ ስትቆጥር እጅህ አልደከመም። አልቆጣሁም። እንዲያው ነው ያልኩህ።

አፈሩ ይኸው። ዛፎቹ ሁሉም ቆመዋል።

አንተም አንድ ነገር ላክልኝ፤ ለሥራ የሚሆን፣ ውኃ የማያስገባ ቦት ጫማ። ቁጥሩ አርባ ሦስት ይሁን።

እትዬ


ኅዳር 20

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎም ማጉረምረሙን ይተው። ጫማው ተልኳል።

አፈሩም ደርሶኛል። ወንፊት ላይ አድርጌ ስነፋው የሽንኩርት ልጣጭና የእንቁላል ቅርፊት አገኘሁበት። እትዬ፣ የእርስዎ ጥድ እንቁላል መጣል ጀመረ እንዴ? ይህ አፈር ከጓሮ እንጂ ከደን አይደለም። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ቅርፊቱን በመቆንጠጫ አንስታ «ይህ የምን ዓይነት ደን ነው?» ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ።

አሁን እኔም ልጠራጠር። የደኑን ፎቶ ከሳተላይት አውጥቼ አየሁት። ዳር ዳሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። መሃሉ ላይ ግን ክፍተት አለ፤ በዙሪያውም ዛፎቹ የሳሱ ይመስላሉ። አጎቴ በነበረበት ጊዜ በተነሳው ፎቶ ላይ ያ ክፍተት የለም። «ሁሉም ቆመዋል» ብለውኛል። የትኞቹ ናቸው የቆሙት?

የመጋዝ ቤቱ ባለቤት፣ ያ ባለመጋዙ የምንለው፣ በየዓመቱ እየመጣ አጎቴን «ሽጥልኝ» ሲለው አስታውሳለሁ። አሁንም ይመጣል? ዛፍ መቆረጡ ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ። እሱ ሲቆርጥ ሙልጭ አድርጎ ነው፤ ቅርንጫፉን ያቃጥላል፣ መሬቱን ያርሰዋል። ያን ጊዜ አፈሩ ውስጥ ለዘመናት የተጠራቀመው ካርቦን በጥቂት ክረምት ይበተናል። ዛፍ እንደገና ይተከላል፤ አፈር ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ሌላም ልጠይቅ፣ አይቀየሙኝ። የእርስዎ እግር ትንሽ ነበር። የልጆች ጫማ ሲገዙ አስታውሳለሁ። ቁጥር አርባ ሦስት የማን እግር ነው?

አክባሪዎ


ጥር 3

ይድረስ ለቀጮ፣

ዕድሜህ ይርዘም፤ ምላስህ ግን ትንሽ ይጠር።

የዘገየሁት ስለተናደድኩ ነው። ሦስት ጊዜ ልጽፍ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። አዎ፣ ከጓሮዬ ነው የላክሁት። ከሽንኩርቴ ሥር ወርቅ አገኘሁ የምትል እንደሆነ ልይህ ብዬ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ መሆኑን ማወቅህ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ሥራህ እውነተኛ ነው ማለት ነው።

ስለ እግር ጠየቅከኝ። መበለት ሴት ሰፊ ጫማ በካልሲ ማድረግ አትችልም ወይ? ባለመጋዙን አግብታ ይሆናል ብለህ እንዳሰብክ ከደብዳቤህ ጠረን አውቄዋለሁ። እሱን ከማገባ የመጋዙን ሞተር ባገባ ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ ማታ ማታ ይጠፋል። አዎ፣ ይመጣል። ከዛፎቹ ጋር እያወራ ይመስል ግንዱን በመዳፉ ቸብ ቸብ ያደርጋል። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችንን ደን ገዝቶ እንዳልከው ሙልጭ አደረገው፤ አቃጠለው፣ አረሰው። ክረምት ሲመጣ ውኃው ቀይ ሆኖ በደጄ አለፈ።

ክፍተት የምትለው ደመና ይሆናል። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ማን አጣርቶ ያያል?

አሁን እውነተኛውን አፈር ልኬልሃለሁ። ቀይ ክር ያሰርኩበት ጥዱ ጥቅጥቅ ካለበት ነው። ነጩ ከጎረቤት ባዶ መሬት ነው፤ ለማነጻጸር ይሆንሃል ብዬ። ጥቁር ክር ያሰርኩበት አንተ ክፍተት ከምትለው አካባቢ ነው። ማሽንህ ይፍረድ።

ለሳል የሚሆን መድኃኒት ብታገኝ ላክ። ደረት ላይ የሚቆም፣ የቆየ ሳል ነው። የማን ነው ብትለኝ አልመልስልህም።

አባትህን ታስታውሰዋለህ? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው የጠየቅኩህ።

እትዬ


የካቲት 2

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ። መድኃኒቱን ልኬያለሁ፤ ለማን እንደሆነ ሳላውቅ መላኬ ግን ደስ አላለኝም።

የአፈሩ ውጤት ወጥቷል። ነጩ፣ የጎረቤቱ፣ ከሁሉም ያነሰ ነው፤ ያልጠበቅኩት አይደለም። ቀዩ መካከለኛ ነው። ዛፎቹ ተጨናንቀው ቀጥነዋል፤ ብርሃን መሬት ስለማይደርስ ከሥራቸው የሚበቅል ነገር የለም። ያስገረመኝ ጥቁሩ ነው። ካርቦኑ ከቀዩም ይበልጣል። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ ለካሁት፤ ያው ነው። ውስጡ የበሰበሰ ቅርንጫፍ፣ የሰፋፊ ቅጠል ፍርፋሪ አለበት፤ የጥድ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ደመና አይደለም እትዬ። እዚያ ሰው ገብቶ ዛፎቹን አሳስቷል። ሲያሳሳም ቅርንጫፉን አላቃጠለም፣ መሬቱንም አላረሰም። የቀሩት ዛፎች ቦታ አግኝተው እየወፈሩ ነው። ሥራው ክፉ አይደለም። ግን የማን ሥራ ነው? የተቆረጡት አጣናዎችስ የት ሄዱ? ማገዶ ከሆኑ ካርቦኑ ጭስ ሆኖ ወጥቷል፤ ቤት ተሠርቶባቸው ከሆነ አሁንም እንጨቱ ውስጥ አለ። ይህን ማወቅ አለብኝ።

አዲስ ፎቶም ደርሶኛል። ክፍተቱ መሃል አንድ ነገር ያበራል። ቆርቆሮ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ቆርቆሮ በታች ማን ነው ያለው?

እርስዎ እውነቱን ስለማይነግሩኝ፣ እዚያው አገር ካለው ቅርንጫፍ ቢሯችን አንዲት ባለሙያ መጥታ ዛፎቹን ትለካለች። ጨዋ ሴት ናት፤ ያስተናግዷት።

ስለ አባቴ ለጠየቁኝ፦ የዚያን ሰው ነገር በደብዳቤያችን ውስጥ ባናነሳ እወዳለሁ። አሁን ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ የጥርስ መፋቂያውን እንኳ ሳይዝ የወጣ ሰው ነው። እናቴ ሞቷል ብላ ጥቁር ለበሰች፤ በጥቁር ልብሷም ሞተች። እኔም እንደሞተ ነው የማውቀው።

አክባሪዎ


የካቲት 19

ቀጮ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። በችኮላ ነው የምጽፈው።

ሰው አትላክ። መንገዱ ጭቃ ነው። ውሻዬም ተናካሽ ሆኗል። እኔም አሞኛል። ቆርቆሮው የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ መቆፈሪያና መጥረቢያ ነው ያለበት።

ያልከውን ተረድቻለሁ፤ የማይነሳ ነገር አላነሳም። ግን ሴትዮዋን አስቀርልኝ። ለዚህ ዓመት ብቻ። ስለ ባሌ ብለህ።

እትዬ


መጋቢት 16

ይድረስ ለእትዬ፣

ባለሙያዋ መጥታ ሄዳለች። ጭቃ አልነበረም። ውሻዎ እግሯ ሥር ተኝቶላት ሆዱን አከከችለት። እርስዎም ከጓሮ ሆነው አይተዋት ገብተው በር እንደዘጉ ነግራኛለች።

እንግዲህ የነገረችኝን ልጻፍልዎ። ከደኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወጥቶ ተቀበላት። ረጅም ነው፤ ያስለዋል። ቦት ጫማው አዲስ ነው። «ከየት ነሽ?» አላት፤ ነገረችው። «አፈሩን የሚለካው ልጅ ነው የላከሽ?» አላት፤ አዎ አለችው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየመራ አዞራት። የተቆረጡትን ጉቶዎች አሳያት፣ የወደቁትን ቅርንጫፎች አሳያት። ከጉቶዎቹ መሃል ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች በቅለው ወገብ ደርሰዋል አለችኝ። ቆርቆሮው የዕቃ ማስቀመጫ አይደለም፤ አልጋ አለበት።

ልትሄድ ስትል እንዲህ አላት፦ «አሁንም በግራ እጁ ነው የሚጽፈው?»

እሷ ሳቀች። «በቀኙ ነው የሚጽፈው፤ አብሬው ሠርቻለሁ» አለችው። እሱ ግን አልሳቀም አለችኝ። «እህ፣ አስትተውት ነዋ» አለ።

እትዬ፣ ትምህርት ቤት ስገባ ግራ እጄን በማስመሪያ እየመቱ ነው ቀኝ ያደረጉኝ። ከዚያ ወዲህ ግራኝ እንደነበርኩ የሚያውቅ ሰው የለም፤ አብሬያቸው የምኖረው ጓደኞቼም አያውቁም። የሚያውቀው ከዚያ በፊት ቤታችን ውስጥ የነበረ ሰው ነው።

ስም አይጻፉልኝ። አዎ ወይም አይደለም ብቻ ይበሉኝ።


መጋቢት 30

ይድረስ ለልጄ፣

ልብህን ያጽናልህ። ከዚህ ሌላ ምርቃት አሁን አይመጣልኝም።

አዎ።

ተቆጣ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ባሌ ባረፈ በዓመቱ ነው የመጣው። ልብስ አስጥቼ እየተመለስኩ በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ። የባሌ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ መሆኑን በትከሻው አወቅኩት፤ ባሌም እንዲያ ነበር፣ አንዱ ትከሻው ዘንበል ያለ። «ወንድሜ አለ?» አለኝ። «ሞቷል» አልኩት። «እሷስ?» አለኝ። «እሷም» አልኩት። «ልጁስ?» አለኝ። «ልጁ አለ፤ ሩቅ ነው» ስለው እዚያው አፈር ላይ ዝርፍጥ አለ።

ቤቴ አላስገባሁትም። እናትህን እኔ ነኝ ያስታመምኳት፤ ያን ጥቁር ልብስ በእጄ ነው ያጠብኩት። «በእጅህ የተከልከው ጥድ አለ፤ ከፈለግህ እዚያ ተኛ፤ በእኔ ጣሪያ ሥር ግን አትገባም» አልኩት። እንዲህ ስለው ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም። መሃል ላይ ነፋስ የጣላቸው ዛፎች ነበሩ፤ እነሱን አነሳ፣ በዙሪያቸው የታፈኑትን ቀጫጭኖች ቆረጠ፣ በአጣናው ጎጆ ሠራ። የተረፈውን አጥር ለሚያጥሩ ሰዎች ሰጠሁ፤ ማገዶ የሆነው ጥቂቱ ነው። ሲጠይቁህ ንገራቸው።

ቅርንጫፉን ያላቃጠለው አዋቂ ሆኖ እንዳይመስልህ። «አቃጥለው፤ ደኑን አዝረከረክከው» ስለው «ጭሱ ደረቴን ይዘጋዋል» አለኝ። «እንግዲያ ጎትተህ አውጣው» ስለው «ጉልበት የለኝም» አለኝ። በዚሁ እዚያው በሰበሰ። ያ ማሽንህን ያስገረመው አፈር የመጣው ከአንድ ሽማግሌ ሳል ነው።

አንተ ስትጽፍ ነገርኩት። አፈር እንደምትለካም ሰማ። ከዚያ «እንዳለሁ አትንገሪው» አለኝ። «ለምን?» ስለው «ሞቷል ብሎ አርፏል፤ እንደገና አላስቀይመው» አለኝ። ቃል ገባሁ። ቃሌን ልሰብር ብዬ ነው ታስታውሰዋለህ ወይ ብዬ የጠየቅኩህ። አንተ በሩን በፊቴ ዘጋህብኝ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። ባለመጋዙ እሱን አይቶ አወቀው። «ሕያው ባለቤት እያለ ወራሽ ብሎ ነገር የለም፤ ግማሹ ያንተ ነው፤ ሽጥልኝ» እያለ ደጅ ይጠናዋል። ምን እንደሚመልስለት አላውቅም። ልክ እንዳንተ እኔም እየተጠራጠርኩ ነው።

እትዬ


ሰኔ 21

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን አሉ? ለሁለት ወር ከዚያም በላይ ዝም ያልኩት የምለው ስለጠፋኝ አይደለም። የምለው ስለበዛ ነው። ጽፌ የቀደድኩትን ብልክልዎ ኖሮ ፖስተኛው በሸክም ያመጣልዎ ነበር።

ባለመጋዙ ያለው እውነት ነው። መሥሪያ ቤቴን ጠየቅኩ፤ የደኑ ግማሽ የእኔ አይደለም፤ ሆኖም አያውቅም። ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባው እርስዎና ሰውየው ከፈረማችሁ ብቻ ነው። የእኔ ፊርማ ዋጋ የለውም። እንግዲህ ለምን እንደተመለሰ ገባኝ። ወንድሙ ሲሞት መጣ። ዛፉ ሲወፍር መጣ። እርስዎም ያውቁ ነበር፤ ጫማውንም መድኃኒቱንም በእኔ እጅ አስላኩለት። የማላውቀውን ሰው ሳለብሰውና ሳስታምመው ከረምኩ።

የሚሸጥ እንደሆነ ይሽጥ። የሚያሳዝነኝ አፈሩ ነው። አንድ ቀን በመጋዝ፣ አንድ ሳምንት በእሳት፣ አንድ ክረምት በውኃ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ያበቃል።

ካልሸጠ ግን ላቦራቶሪው መልስ የሚፈልግባቸው ጥያቄዎች አሉ። ለሰውየው ያንብቡለት።

ዛፎቹን ማሳሳት የጀመረው በየትኛው ወቅት ነው? የቆረጠው ቀጫጭኑን ብቻ ነው ወይስ ከወፍራሙም አለበት? ጉቶዎቹን ነቅሏል? ከብት ገብቶ ያውቃል? ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ዛፎች ተክሏቸዋል ወይስ ራሳቸው ናቸው የበቀሉት? ከእንግዲህስ የቀሩትን ለመቁረጥ ያስባል ወይስ እንዲያረጁ ይተዋቸዋል? ጥድ ወፍሮ እንዲቆይ በተተወ ቁጥር የሚይዘው ይጨምራል።

ያን ክፍተት ከመክፈቱ በፊት የት ነበር?

የመጨረሻው ለላቦራቶሪው አያስፈልግም። ከፈለጉ ይዝለሉት።

አክባሪዎ


ሐምሌ 25

ይድረስ ለልጄ፣

ጤና ይስጥህ፣ ቁጣህንም ያብርድልህ። ስለ ጫማውና ስለ መድኃኒቱ ያልከው ልክ ነው። ብትቀየመኝ አልፈርድብህም።

ጥያቄህን ይዤ ወደ ደኑ ወረድኩ። ከመጣ ወዲህ ጎጆው ድረስ ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ቆሞ ሰማኝ። «ለሰውየው» የምትለዋን ላልፋት ፈልጌ ነበር፤ «እንደጻፈው አንብቢው» አለኝ። አነበብኩለት።

እያንዳንዱን በደንብ አሰበበት። የጀመረው ዝናብ ሲያቆም ነው። የቆረጠው የታፈኑትንና የጠመሙትን ነው፤ ከወፍራሙ ሁለት፣ ጎጆው ላይ ያዘነበሉ። ጉቶ አልነቀለም፤ «በምን ጉልበቴ?» አለ። ከብት አንዴ ገብቷል፤ እኔው ነኝ ያባረርኩት። ሰፋፊዎቹን አልተከለም። «ብርሃን ሲያገኙ ራሳቸው መጡ፤ እኔ ያደረግኩት እንዳልረግጣቸው መጠንቀቅ ነው» አለ።

ይህን እየተናገረ እያለ ባለመጋዙ ደረሰ። ቀለም በጣሳ፣ ብሩሽ በእጁ፤ የሚቆረጡትን ምልክት ሊያደርግ። «ተስማማን አይደል?» አለው ከሩቁ። ዋርሳዬ ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም። «ዛሬ አልችልም» አለው። «ምን ይዘህ ነው?» አለው። «ልጄ ጥያቄ ልኮልኝ እየመለስኩ ነው» አለው። «ነገ ልምጣ?» ሲለው «ጥያቄው ብዙ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ነው የሚፈጀው። ቀለምህ ይደርቅብሃል፤ ይዘኸው ሂድ» አለው።

ባለመጋዙ እየሳቀ ሄደ፤ ቀልድ መስሎት። እኔን ግን አላሳቀኝም። ከዚያም ወዲህ አልተመለሰም።

ከዚያ የመጨረሻዋን አነበብኩለት። አልዘለልኳትም። «ድገሚያት» አለኝ። ደገምኳት። የዛፍ ቅርፊት መላጥ ያዘ። «ይህቺ በደብዳቤ አትመለስም» አለኝ። ዛፍ ከሚቆርጡ ሰዎች ጋር ከቦታ ቦታ ሲዞር እንደኖረ ለእኔ ነግሮኛል፤ ለምን እንዳልተመለሰ ግን ለእኔም አልነገረኝም፤ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ምናልባት ምክንያት የለው ይሆናል። እሱን ነው የምፈራልህ፤ ያን ሁሉ ዘመን የሚያስረዳልህ ምክንያት እንዳይጠፋ።

ፊርማውን ፈርሞልሃል። የእኔንም አብሬ አስቀመጥኩ። ለመሬት የመጣ ሰው አይመስለኝም ቀጮ። ግን እኔ የእሱ ጠበቃ አይደለሁም፤ አንተው እየው።

እትዬ


ነሐሴ 17

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ። ፊርማዎቹ ደርሰውኛል፤ መሥሪያ ቤቱም ተቀብሏቸዋል።

ለሦስት ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። በመጪው መስከረም አጋማሽ እዚያ እሆናለሁ። ከተላከው አፈር በታች ያለውን ራሴ መቆፈር አለብኝ፤ የጥድ ሥር ጠለቅ ብሎ ስለሚሄድ እዚያ ታች ያለውን ካርቦን ሳንለካ ምንም ማለት አንችልም። ለቢሮው የጻፍኩት ምክንያት ይህ ነው። እውነትም ነው።

ጉድጓዶቹ የሚቆፈሩት በልኬት፣ በመስመር ነው። ሜትሩን ከወዲያ ጫፍ የሚይዝ ሰው እፈልጋለሁ። እሱ ይያዝልኝ። ማውራት የለብንም፤ ሜትር ለመያዝ ወሬ አያስፈልግም። ጥያቄዬን የምጠይቀው ሥራው ሲያልቅ ነው፤ ምክንያት የለኝም ካለኝም እሰማዋለሁ።

ይቅር ብሎህ ነው የሚመጣው ብለው እንዳይነግሩት። አላውቀውም፤ ቢነግሩት እንደዋሹት ይሆናል። ከእርስዎም ጋር ገና ያልተነጋገርነው ብዙ ነገር አለ። የማርፈው ግን እርስዎ ቤት ነው።

መምጣቴን ይንገሩት ወይስ ይደብቁት ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ቢነግሩት ይሸሻል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ አንዴ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ባይነግሩት ደግሞ ልክ እንደ እኔ ሳያውቅ ይሰነብታል፤ ያንን ለማንም አልመኝም። ስለዚህ ይንገሩት።

ከነገሩት በኋላ ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ጠዋት ጠዋት ወደ ጥዱ ብቅ ይበሉ፤ ጎጆውን በዓይንዎ ይዩልኝ። እስክደርስ ድረስ እንዳይሄድብኝ ይጠብቁልኝ።

ልጅዎ